«እኔ እግር ነኝ» ይል የነበረው አያ ፈንቴ

አያ ፈንቴ መሞቱን የነገረኝ ሻይ ሊጠጣ የገባ አንድ ወጣት የማረሚያ ቤት ጥበቃ ነው። ስኳሩን እያማሰለ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው፣ «ያ ሽማግሌው ሳጅን እኮ አረፈ፤ ትናንት ቀበርነው» አለኝ። የያዝኩት ብርጭቆ ከእጄ አልወደቀም። ብቻ ወደ ጥጉ፣ አያ ፈንቴ ይቀመጥባት ወደነበረችው ዱካ ዞሬ አየሁ። ሌላ ሰው ተቀምጦባት ዳቦ ይበላል። ተነስ ልለው ፈለግሁ፤ አላልኩትም። እኔ ለሰው እንዲህ ያለ ነገር የምናገር ሴት አይደለሁም።

የምሠራበት ሻይ ቤት ጎንደር ውስጥ፣ ከፍርድ ቤቱ ግቢ ፊት ለፊት ነው። ባለቤቷ ወይዘሮ እንጉዳይ ትባላለች። እኔ እቀዳለሁ፣ አጥባለሁ፣ እጠርጋለሁ። ከወገራ ስመጣ ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ አልተማርኩም። የመጣሁትም ወንድሜ ማሩ ስለታሰረ፣ ስንቅ የሚያቀብለው ሰው ስለሚያስፈልገው ነው። ማሩ አውድማ ላይ በተነሳ ጠብ ጎረቤታችንን በዱላ መታው፤ ሰውየው ሞተ። መምታቱን አልካደም። «ቀድሞ የሰነዘረው እሱ ነው፤ ልገድለው አላሰብኩም» ነው ያለው። ያዩ ሰዎች ነበሩ፤ ቃላቸው ሳይሰማ ቀረና አሥራ አምስት ዓመት ተፈረደበት። የቀረን ነገር ይግባኝ ብቻ ነበር።

ይግባኝ እንዴት እንደሚሄድ ያወቅሁት ከዚያች ሻይ ቤት ሆኜ ነው። የታሰረ ሰው ራሱ ሄዶ የፍርድ ቤት በር አያንኳኳም። ወረቀቱን ለማረሚያ ቤቱ ይሰጣል፤ ማረሚያ ቤቱ ለፍርድ ቤቱ ይልካል። ፍርድ ቤቱ ደግሞ «ታራሚውን በዚህ ቀን አቅርቡ» ብሎ መልሶ ይጽፋል። ይህን ሁሉ በሁለቱ መሀል የሚያመላልሰው አንድ ሰው ነበር፤ ዋና ሳጅን ፈንቴ። ከገጠር የሚመጣው ሰው ማዕረጉን ትቶ አያ ፈንቴ ይለው ነበር።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ትከሻው ትንሽ ጎበጥ ያለ ሰው ነው። የቆዳ ቦርሳውን ደረቱ ላይ አግድም ያነግትና አንድ እጁን ሁልጊዜ እላዩ ላይ ያሳርፋል፤ ልጅ ያቀፈ ይመስላል። ባጃጅ ነጂዎች «ሳጅን፣ ና ግባ፤ በነጻ ነው!» እያሉ ይጣሩታል። «የሰው ዕድሜ ይዤ አንተ ጋ አልገባም፤ ትገለብጠኛለህ» ይላቸውና ዳገቱን በእግሩ ይወጣል።

አንድ የራሱ የሆነ ሥርዓት ነበረው፤ የነገረኝ ማሩ ነው። ወረቀት ሊወስድ ማረሚያ ቤቱ ግቢ ውስጥ ሲቆም ታራሚውን በስሙና በአባቱ ስም ይጠራዋል። ከዚያ ወረቀቱን ይዘረጋለትና «ንካው» ይለዋል። ታራሚው ይነካዋል። «ከእጅህ ወሰድኩ» ይልና ቦርሳው ውስጥ ይከተዋል። እንዲያደርግ ያዘዘው የለም። አንዳንዱ ታራሚ ይስቅበታል፤ ማሩ ግን «ስነካው ግማሽ አካሌ የወጣ መሰለኝ» ብሎኛል።

ፍርድ ቤቱ በር ላይ የእስረኛ ዘመድ አይጠፋም። ከሳንጃ የመጣ፣ ከኮላ ድባ የመጣ፣ ከየት እንደመጣ የማይናገር። አያ ፈንቴ ብቅ ሲል ይከቡታል።

«አያ ፈንቴ፣ ልጄ ከስቷል እንዴ?»

«አያ፣ ዳኛው ምን የሚሉ ይመስልሃል? ይፈቱታል?»

«እኔ እግር ነኝ» ይላል። «አፌን ቤት ትቼው ነው የምመጣው። ሚስቴ ትፈልገዋለች።»

የሚያለቅሱት ሳይቀሩ ይስቃሉ። ለማንም ተስፋ አይሰጥም፤ ማንንም ተስፋ አያስቆርጥም። ወረቀቱን መዝገብ ቤት አስረክቦ ሲወጣ ግን ቀኝ እጁን ከፍ አድርጎ አንድ ቃል ይላል፤ «አድርሻለሁ!» ከዚያች ቃል በቀር ከእሱ አፍ የሚገኝ የለም። አንዲት እናት ያችን ቃል ሰምታ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ስትል አይቻለሁ፤ ደስታዋ ነው።

ከዚያ ወደ እኛ ይመጣል። ጥጉ ላይ ባለችው ዱካ ይቀመጣል፤ ቦርሳውን ጭኑ ላይ ያደርጋል። ዝም ስለምል በቀልድ የሚነካካኝ እኔን ነበር።

«አንቺ ደገኛ፣ ገብስ ጉሮሮ ይዘጋል እንዴ? እኛ ደምቢያዎች ሽምብራ በልተን ስንጮህ ጣና ማዶ ይሰማል። እናንተ ጉም ውስጥ አድጋችሁ ታፍናችሁ ቀራችሁ።»

እኔ ብርጭቆው ውስጥ እስቃለሁ። ወይዘሮ እንጉዳይ ከጓዳ ትመልስልኛለች፤ «ምነው ልጅቷን ብትተዋት! እግር ብቻ ነኝ ትል የለም? እግር እንዲህ ይለፈልፋል?»

«እግርም ሲያርፍ ያወራል፣ እመቤቴ። ትርንጎ፣ አንቺም አፍሽን ቤት ትተሽው ነው የምትመጪው? ወገራ ድረስ ሩቅ አይደለም?»

እንዲህ ነበርን።

የማሩ የውሳኔ ግልባጭ ብዙ ቆይቶ ነው የወጣለት። ይግባኙ የተጻፈው ጥምቀት ሲቃረብ ነው። የማቅረቢያው ጊዜ በዓሉ ባለፈ በሳምንቱ ያልቅ ነበር። ስንቅ ይዤ በሄድኩ ጊዜ ማሩ በአጥሩ በኩል «አያ ፈንቴ ነገ ይወስደዋል፤ አይዞሽ» አለኝ።

የከተራ ዕለት ከተማው ነጭ ለብሶ ወጣ። መዝገብ ቤቱ ገና በጠዋት ተዘጋ፤ ሠራተኛው ሁሉ ታቦት ሊያጅብ ሄደ። አያ ፈንቴ በሻይ ቤታችን ፊት በሩጫ ሲያልፍ አየሁት። ቦርሳው አብጧል። እጁን አላነሳም፤ «አድርሻለሁ» አላለም። የደብሩን ታቦት ጥላ የሚይዘው እሱ መሆኑን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ቸኩሎ ነው አልኩ።

በዓሉ አልፎ ሰነበተ። አንድ ቀን መጣና ተቀመጠ፤ ሻይ ቀዳሁለት። ድምፁ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፤ «አያ፣ የማሩ ወረቀት?» አልኩት። እኔ እሱን ስጠይቀው ያ የመጀመሪያዬ ነው። ብርጭቆውን አየ። «አድርሻለሁ» አለ፤ ቀስ ብሎ፣ እጁን ሳያነሳ። አመንኩት። ከዚያ በኋላ ስለ ገብስም ስለ ጉምም አላወራኝም። የቀዳሁለትን ግማሹን እየተወ ይሄድ ጀመር።

ቆይቶ ለማሩ መልስ መጣ። ይግባኙ የቀረበው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው፤ አንቀበልም ይላል። ማሩ አበደ። አጥሩን ይዞ «በጊዜው ሰጥቻለሁ! የታሰርኩ ሰው ነኝ፤ ክንፍ የለኝ! ያ መዝገብ ቤት የተቀመጠው ሰውዬ ነው የደበቀብኝ!» እያለ ሲጮህ ጥበቃዎቹ ወሰዱት። ሲረጋጋ ጉዳይ የሚጽፍ ታራሚ ጓደኛው ለፍርድ ቤቱ ማመልከቻ ጻፈለት፤ ወረቀቱን ለማረሚያ ቤቱ የሰጠሁት ጊዜው ሳያልፍ ነው፣ ይፈቀድልኝ የሚል። ያንንም የወሰደው አያ ፈንቴ ነው። «ንካው» አለኝ፣ ብሎኛል ማሩ፤ «‹ከእጅህ ወሰድኩ› ማለቱን ግን ረሳ፤ አርጅቷል።»

ፍርድ ቤቱ ማረሚያ ቤቱን ጠየቀ። ማረሚያ ቤቱ «በወቅቱ ልከናል» ብሎ ጻፈ። መዝገብ ቤቱ «ዘግይቶ ነው የደረሰን» አለ። ይህ በችሎት ሲነበብ እኔ ኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ። ዓቃቤ ሕጉ ተነስቶ በቂ ምክንያት ካልቀረበ ማመልከቻው ይዘጋልን አለ። የመሀል ዳኛዋ ትንሽ አሰቡና እንዲህ አሉ፤ «ወረቀቱን ያመጣው የማረሚያ ቤቱ ባልደረባ በሚቀጥለው ቀጠሮ ራሱ ቀርቦ ያስረዳ። ታራሚውም ይቅረብ። ካልቀረቡ መዝገቡን እንዘጋለን።»

ከተዘጋ አበቃ። የማሩ አሥራ አምስት ዓመት ማንም ሳይሰማው እንደጸና ይቀራል።

ትእዛዙ ተጽፎ ማኅተም ተመታበት። ለማረሚያ ቤቱ የሚያደርሰው ደግሞ ያው አንዱ ሰው ነው። አያ ፈንቴን ጥሩ የሚለውን ወረቀት አያ ፈንቴ ሊወስደው ነው።

ከመዝገብ ቤት ወጥቶ ወደ እኛ መጣ። ዱካዋ ላይ ተቀመጠ። ሻይ አቀረብኩለት፤ አልነካውም። ሻዩ ቀዘቀዘ፤ እላዩ ላይ ስስ ነገር ጋገረ። ወይዘሮ እንጉዳይ «ሌላ ይቀዳልህ?» አለችው፤ አልሰማትም። ደንበኞች ገቡ፣ ወጡ። ሁለት እጁን ቦርሳው ላይ ጭኖ በሩን ብቻ ያያል።

«ትርንጎ» አለኝ በመጨረሻ።

«አቤት አያ።»

«እዚህ ውስጥ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ?»

ራሴን ነቀነቅሁ። አውቃለሁ ማለቴ ነው።

«ወረቀት ይጠፋል እኮ» አለ። «መንገድ ላይ ነፋስ አለ፤ ውሃ አለ። ስንቱ ወረቀት ጠፍቷል። ማንም አይጠይቅም።»

ልለምነው ፈለግሁ፤ ምን ብዬ እንደምለምነው አላውቅም። ለምን እንደዚያ እንዳለም አልገባኝም ነበር፤ ፍርሃት ብቻ ነው የገባኝ። ብድግ አለ። ቦርሳውን ደረቱ ላይ አስተካከለ። «እኔ እግር ነኝ» አለ፤ የተናገረው ለእኔ አይመስለኝም። ወጣ።

ፎጣውን እንደያዝኩ ተከትዬው በሩ ላይ ቆምኩ። ትንሽ ወረድ ብሎ መንገዱ ይከፈላል። አንዱ ወደ ማረሚያ ቤቱ ይወጣል፤ ሌላው ወደ ደብሩና ወደ ወንዙ ይወርዳል። መገንጠያው ላይ ቆመ። አንድ ባጃጅ ጡሩምባውን ነፋበት፤ አልተነቃነቀም። ወደ ታች ተመለከተ። ኮፍያውን አወለቀ፤ ወደ ደብሩ ዞሮ ተሳለመ፤ መልሶ አደረገ። ከዚያ ዳገቱን ወጣ። ከዓይኔ እስኪጠፋ ድረስ ቆሜ አየሁት።

የቀጠሮው ዕለት ከወይዘሮ እንጉዳይ ፈቃድ ጠይቄ ማልጄ ግቢው ውስጥ ተገኘሁ። የማረሚያ ቤቱ መኪና የሚገባበት ሰዓት አለፈ። ችሎቱ ሌሎች ጉዳዮችን ማየት ጀመረ። ከመኪናው ይልቅ ወሬው ቀደመ፤ አንዱ «ነዳጅ የለም አሉ» ይላል፣ ሌላው «ዛሬ አጃቢ የለም» ይላል። ችሎት አስከባሪው በር ላይ ወጥቶ የማሩን ስም ጠራ። ማንም የለም። አልመጣም ልለው አልቻልኩም፤ ቆይ ልለውም አልቻልኩም። መልሶ ጠራ። ልክ ሊገባ ሲል መኪናው ከአቧራው ጋር ግቢው ውስጥ ገባ። ማሩ ካቴና በእጁ እንዳለ ዘለለ። ከኋላው አያ ፈንቴ ወረደ። የደንብ ልብሱ ተተኩሷል። ቦርሳው የለም። ያለ ቦርሳው አይቼው አላውቅም ነበር፤ እጁ ደረቱ ላይ እየሄደ ያጣዋል።

«ሳጅን» አሉት ዳኛዋ፣ «አመልካቹ ይግባኙን የሰጠው መቼ ነው?»

«የከተራ ዕለት ጠዋት፣ ክቡር ፍርድ ቤት። አስነክቼው ነው የወሰድኩት።»

«ጊዜው አላለፈም ነበር ማለት ነው?»

«አላለፈም።»

«ታዲያ መዝገብ ቤቱ ዘንድ ለምን ዘግይቶ ደረሰ?»

አያ ፈንቴ ወደ መዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ዞር ብሎ አየ። ሠራተኛው አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ ላቡ ግንባሩ ላይ ይታያል።

«እኔ እግር ነኝ» አለ አያ ፈንቴ።

«ምን አሉ?»

«እግር ነኝ ነው ያልኩት። የእኔ ሥራ ማድረስ ነው። አላደረስኩም።»

የማሩ ካቴና ሲንቃጨል ተሰማኝ።

ቀስ እያለ ተናገረ። ወረቀቱን ይዞ ሲደርስ መዝገብ ቤቱ ተዘግቷል። ወደ ማረሚያ ቤቱ ልመለስ ቢል ታቦቱ ሊወጣ ነው፤ ጥላው እሱን ይጠብቃል። ቦርሳ አንግቶ ጥላ አይያዝም፤ ከሕዝብ መሀልም ሊሰረቅ ይችላል። ስለዚህ ቦርሳውን የቤተ ክርስቲያኑን ንዋይ ለሚጠብቁት ለቄሰ ገበዙ ሰጣቸው፤ እሳቸውም ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ከልብሰ ተክህኖው ጋር ቆለፉለት። «ከዚያ የበለጠ የታመነ ቦታ አላውቅም ነበር» አለ። በዓሉ እንዳለፈ ቄሰ ገበዙ ቁልፉን እንደያዙ ጭልጋ ለቅሶ ሄዱ። ዕቃ ቤት ሰብሮ መግባት አይታሰብም። እስኪመለሱ የማሩ ጊዜ አለቀ።

«ለአለቆችዎ ምን አሏቸው?» አሉ ዳኛዋ።

«አድርሻለሁ አልኩ።» አንገቱን አዞረና ኋላ ወንበር ላይ ያለሁትን እኔን አየኝ። «ለእህቱም አድርሻለሁ አልኳት።»

ዓቃቤ ሕጉ ተነሳ። «ሳጅን፣ ይህ የሚናገሩት ነገር እርስዎን የሚያስጠይቅ መሆኑን ያውቃሉ?»

«እንዴት አላውቅም፣ ልጄ?»

ዳኞቹ ተጠጋግተው ተነጋገሩ። ያ ጊዜ ረዘመብኝ፤ የነጠላዬን ጫፍ ጥለት ነቅዬ ጨረስኩት። ከዚያ ዳኛዋ አነበቡ። አመልካቹ ታስሮ ሳለ ከእሱ የሚጠበቀውን በጊዜው ስላደረገ፣ የዘገየውም በእሱ ጥፋት ስላልሆነ፣ ይግባኙ እንዲቀርብ ተፈቅዷል አሉ።

ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ አጠገባቸው ነበርኩ። ማሩ አያ ፈንቴን ትክ ብሎ አየው። ይመታዋል ብዬ ፈራሁ፤ ማሩን አውቀዋለሁ።

«አያ ፈንቴ» አለው፣ «ይህን ሁሉ ጊዜ እኮ የመዝገብ ቤቱን ሰውዬ ነው ስረግም የከረምኩት።»

«የረገምከውን ወደ እኔ አዙረው።»

«አለቀብኝ» አለ ማሩ። «አንድም አልተረፈኝ።»

አያ ፈንቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። አጃቢው ወጣት መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

ይግባኙ ተሰማ። ያልተሰሙት ምስክሮች ከወገራ መጥተው ተናገሩ፤ ቅጣቱም ተቀነሰ። ማሩ ገና አልወጣም፤ የቀረው ግን ትንሽ ነው። አያ ፈንቴን በዲሲፕሊን ቀጡት። ቦርሳውን ለሌላ ሰው ሰጡት፤ እሱን አጥሩ ጥግ ያለው የጥበቃ ማማ ላይ አወጡት። ስንቅ ይዤ ስሄድ ከላይ ሆኖ ያየኛል። አንድ ቀን ተረኛ ቀይሮት ሲወርድ አገኘሁት። አለቃው የችሎቱ ዕለት ጠዋት ጠርቶ «መዝገብ ቤቱ ሰልፍ ነበረው፣ አስቀምጠህ ሂድ ብለውኝ ነው በል» ብሎት እንደነበር የነገረኝ ያኔ ነው። «ልለው ነበር» አለኝ። «ያ የመዝገብ ቤቱ ልጅ ሲያልበው አየሁት።»

«አሁን ደህና ነህ፣ አያ?»

«ምን እሆናለሁ? እግሬን ወሰዱና አፍ አደረጉኝ። ቀኑን ሙሉ ‹ቁም! ማን ነህ?› እያልኩ ስጮህ እውላለሁ። የደምቢያ ሰው መሆኔ ጠቀመኝ።» ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ተወው። «አንቺስ ያን አፍሽን ከወገራ የምታመጪው መቼ ነው?»

ጡረታ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሁለቴ ይሁን ሦስቴ ሻይ ቤት መጥቷል፤ በምርኩዝ ነበር።

መሞቱን በሰማሁበት ዕለት ስንቅ ይዤ ሄድኩና ለማሩ ነገርኩት። በሽቦው መሀል ጣቱን አሾልኮ የሳህኑን መሸፈኛ ጨርቅ ነካ።

«ሰልስቱ ላይ ሂጂ» አለኝ። «አንድ ቃል አድርሺልኝ።»

ሄድኩ። ድንኳኑ ሞልቷል። ካህናቱ ጸሎት አድርሰው ሲጨርሱ የሥራ ባልደረቦቹ አንድ በአንድ ተነሱ። ታዛዥ ነበር አሉ፣ ሰዓት አክባሪ ነበር አሉ፣ ተጫዋች ነበር አሉ። ያን የችሎት ቀን ያነሳ የለም። የቀጣው አለቃ ፊት ላይ ተቀምጦ ነበር። «ሌላ ቃል ያለው ሰው አለ?» ተባለ። ሰው ሊነሳ ነጠላውን ማስተካከል ጀመረ።

ቆምኩ። የድንኳኑን ምሰሶ ያዝኩ። ያ ሁሉ ፊት ወደ እኔ ዞረ።

«እኔ የታራሚ ማሩ እህት ነኝ» አልኩ። ድምፄ ቀጭን ነበር፤ አንድ ሽማግሌ «አይሰማም፣ ጮክ በይ ልጄ» አሉኝ። ጮክ አልኩ። «ወንድሜ ከማረሚያ ቤት አንድ ቃል ልኮኛል። ‹አያ ፈንቴ አድርሷል በያቸው› ብሎኛል።»

ሚስቱ ከሐዘንተኞቹ መሀል ቀና አለች። በዚያ ሁሉ ዓመት ለእሷም አልነገራትም ኖሯል።

«ምኑን ነው ያደረሰው፣ ልጄ?» አለችኝ።

አለቃውን አላየሁትም፤ እሷን ብቻ እያየሁ ከከተራው ዕለት ጀመርኩ። እስክጨርስ ድረስ አልተቀመጥኩም።